አክስቴ ፋና እና ኔትወርክ የተባለው ሰው

ልጅ ሳለሁ ኔትወርክ ሰው ይመስለኝ ነበር። በቅሎ ያለው፣ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሳያሻው የሚቀር ትልቅ ሰው። በቤታችን የሚወራው ሁሉ ይህንኑ ያረጋግጥልኝ ነበር። አባቴ ከውጭ ገብቶ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ እየሰቀለ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ይላል። እናቴ «ትናንት እኮ መጥቶ ነበር» ትለዋለች። «መጥቶ ምን ያደርጋል፣ ወዲያው ሄደ» ይላታል። እኔ ምድጃው ጥግ ተቀምጬ ይህ ሰው ለምን እኛ ቤት ገብቶ አንድ ቀን እንኳ እህል እንደማይቀምስ አስባለሁ።

ሰፈራችን ጥድ ውሃ ትባላለች፤ ከብልባላ ማዶ፣ ገደል ተሻግሮ ያለች ጎጥ ናት። ኔትወርክ ጥድ ውሃ አይገባም። የሚገኘው ከሰፈሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ሰዉ ቦታውን ሃሎ አፋፍ ብሎ ሰይሞታል። እኔ ሰውየው ኩራተኛ ስለሆነ ወደ እኛ መውረድ ተጸይፎ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ይህን ኩራተኛ በቅርብ የሚያውቀው ጋሼ ሙሉሃብት ነበር። ጋሼ ሙሉሃብት የጎጣችን ሹምና የክፍያ ኮሚቴ ነው። የሴፍቲኔት ገንዘብ በእጅ መታደሉ ቀርቶ በስልክ መሆን ከጀመረ ወዲህ የጎጣችንን ሴቶች ስልክ ሰብስቦ የሚይዘው እሱ ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር ስላለው ስልኮቹ እሱ ቤት ይሞላሉ፣ እሱ ቤት ያድራሉ። የክፍያ ጊዜ ሲደርስ በከረጢት አድርጎ ብልባላ ይወርዳል። ሲመለስ ሴቶቹ ደጁ ላይ ይሰለፋሉ፣ ለእያንዳንዳቸው እየቆጠረ ይሰጣል። ሁልጊዜም «ለኔትወርክ ተቆርጧል» ይላል። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ኔትወርክም ሰው ነው፣ ይበላል ይጠጣል ብዬ እኔም አልከፋኝም።

ለእኛ ለልጆች ደግሞ ጋሼ ሙሉሃብት ብስኩት አያጣም። «የትናየት፣ ነይ እስቲ» ብሎ በስሜ ጠርቶ ብስኩት የሚሰጠኝ ሰው ከእሱ ሌላ አልነበረኝም። እወደው ነበር። ያ ብስኩት በማን ገንዘብ እንደሚገዛ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

የሁለት ሺህ ሰባቱ ምርጫ ከመድረሱ በፊት በነበረው በጋ የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ፋና፣ ከሙጃ ተመለሰች። ሙጃ ተድራ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቅልሏን በትከሻዋ፣ ስልኳን በአንገቷ አንጠልጥላ ደጃችን ቆመች። አባቴ ከላይ እስከ ታች አያትና «ተጣላችሁ?» አላት።

«በጌን ሳይጠይቀኝ ሸጠብኝ» አለችው።

«ለአንድ በግ ብለሽ ትዳር ትፈቻለሽ?»

«የሱ በግ ብትሆን አልፈታም ነበር።»

አባቴም ጥቅልሉን ተቀብሎ አስገባት። እናቴ ግን ለብዙ ቀን ፊቷን አልፈታችላትም። ባሏን ጥላ የመጣች ሴት ቤት ውስጥ መኖሯ ለሴት ልጄ መጥፎ ምሳሌ ነው ስትል ሰምቻታለሁ። ሴት ልጇ እኔ ነበርኩ።

አክስቴ ማምሻውን ሃሎ አፋፍ መውጣት አበዛች። ጎረቤቶቻችን ከእናቴ ጋር ጥጥ እየፈተሉ ወደ ጉብታው ያንጋጥጡና ይሳሳቃሉ።

«ማንን ነው እንዲህ የምትጠብቀው?»

«ኔትወርክን ነዋ፣ ሌላ ማንን።»

«እሷስ ትጠብቅ፤ የእኛንም ልጆች ይዛ እንዳትወጣ ነው የምፈራው» አለች እናቴ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። አክስቴ ባሏን የተወችው ለኔትወርክ ብላ ነበር። አንድ ቀን ላየው ብዬ ተከትያት ወጣሁና ቁጥቋጦ ሥር ተደበቅሁ። አክስቴ ከአለቱ ጫፍ ላይ ቆማ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነበር። «ና» ትላለች ቀስ ብላ። «ና እንጂ። መጣህ... መጣህ...» ከዚያ ድንገት እጇን አወረደችና «ደግሞ ሄደ፣ ይኼ ከይሲ» አለች። ዙሪያውን ባይ ማንም የለም። ሰውየው ለልጆች ዓይን እንደማይታይ የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አክስቴ ብልባላ ይዛኝ ወረደች። ገበያውን አቋርጠን በቀጥታ የሄድነው ወደ ጀውሀራ ሱቅ ነበር። ጀውሀራ ከመንገድ ዳር ከተሞች በአንዱ ተወልዳ በንግድ ምክንያት ብልባላ የቀረች ሴት ናት። ስኳር፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ ትሸጣለች፤ በስልክ የመጣ ገንዘብም ከእሷ ዘንድ ይወጣል። አክስቴ ስኳር አልገዛችም። ባንኮኒውን ተደግፋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሙሉሃብት ለምዝገባ ብሎ ሲም ካርዴን ወስዶ መለሰልኝ። ምስጢር ቁጥሬ ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው እኔ ይዤልሻለሁ አለኝ። የኔ ቁጥር እሱ ዘንድ ምን ይሠራል?»

ጀውሀራ ሻሿን አስተካከለችና ወደ በሩ አየት አደረገች። «የሁላችሁም እሱ ዘንድ ነው። ስልኮቹን በከረጢት አምጥቶ እዚህ ደረደራቸው። ወላሂ በዐይኔ ነው ያየሁት፣ ለሁሉም ያንኑ አንድ ቁጥር ነው የመታው። ሴቶቹ ልከውኝ ነው አለኝ።»

«አልላክነውም።»

«እኔም ዝም ብዬ ደግ አላደረግሁም። እንግዲያው ቀይሪዋ። የመታትን ቁጥር አውቃታለሁ፣ ነይ ላሳይሽ።»

ከዚያ በኋላ ያወሩት በሙሉ ስለ ቦርሳ ነበር። «ይኼ ቦርሳሽ ነው» ትላለች ጀውሀራ። «ቦርሳው ስልኩ ውስጥ ያለ አይምሰልሽ። ስልኩ ገደል ቢገባ ቦርሳሽ አይገባም። ስልኩ በር ነው፣ ቁጥሩ ቁልፍ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከኮከቧ ትነሻለሽ፣ ቁጥሮቹን ትመቻለሽ፣ በዚህች ትዘጊያለሽ።» አክስቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እየደጋገመች ትመታለች። እኔ ደግሞ ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን የተማሪ ቦርሳዎች እያየሁ የትኛው የእኛ እንደሆነ እመርጣለሁ። ቀዩን መረጥኩ።

«አንድ ችግር አለው» አለች ጀውሀራ። «እናንተ ዘንድ መስመሩ ደካማ ነው። ከዘገየሽ ይቆርጥና እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምርሻል። ማንበብ የማትችል ሴት ቁጥሩ የት እንዳለ ስትፈልግ ይቆርጥባታል። ለዚህ ነው ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ለሙሉሃብት የሰጡት።»

አክስቴ ባንኮኒውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «እቤታቸው ሆነው፣ ኔትወርክ ሳይኖር፣ ጣታቸው ቢለምደውስ?»

«ጣታቸው ካወቀማ ይደርሳሉ። አብሽሪ።»

ልንወጣ ስንል አክስቴ መለስ ብላ «ሙሉሃብት ትልቁ ደንበኛሽ አይደለም?» አለቻት።

«ነው። ያኮርፈኛል» አለች ጀውሀራ የስኳር ሚዛኗን እየጠረገች። «ያኩርፍ።»

ቀዩን ቦርሳ ሳንይዝ ወጣን። እስከ ገደሉ ድረስ አለቀስኩ። አክስቴ ለምን እንደማለቅስ ብትጠይቀኝ ይባስ ጮኽኩ።

ያን ሰሞን ውቂያ አልቆ አውድማችን ባዶ ነበር። በእበት የተለቀለቀው መሬት ደርቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። አክስቴ አንድ ጠዋት አመድ በቁና ይዛ ወጣችና መሬቱ ላይ መስመር መሳል ጀመረች። ወደ ጎን ሦስት ሳጥን፣ ወደ ታች አራት። እኔ ሰኞ ማክሰኞ ልታጫውተኝ መስሎኝ ጠጠር ፈልጌ ሮጥኩ። ስመለስ ግን በሳጥኖቹ ላይ እየዘለለች ያለችው እናቴ ነበረች። ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ፣ እንደ ልጅ እየሳቀች።

በማግስቱ ጎረቤቶቻችን መጡ። በሦስተኛው ቀን አውድማው ሞላ። የልጅ እናቶች፣ ነጠላቸውን ያገለደሙ ባልቴቶች፣ ሁሉም ተራ ጠብቀው በሳጥን ላይ ይራመዳሉ። ጨዋታቸው ግን ከእኛ የተለየ ነበር። የታችኛው ግራ ጥግ ኮከብ ይባላል፣ የቀኙ ደግሞ መስመሮቹ ስለሚተላለፉ ወንፊት ተባለ። ሁልጊዜ ከኮከብ ይነሳሉ፣ በወንፊት ይጨርሳሉ። አንዷ ቁጥር ፍለጋ ዞር ዞር ካለች አክስቴ እጇን አጨብጭባ «ቆረጠ! ከመጀመሪያው» ትላለች። ሴትየዋ እየተነጫነጨች ወደ ኮከብ ትመለሳለች።

ከሁሉ የገረሙኝ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። በዱላቸው እየደባበሱ መጥተው «እኔስ ለዚህ ጨዋታ እሆናለሁ?» አሉ። አክስቴ መሀለኛው ሳጥን ላይ ትንሽ ጠጠር አስቀመጠችና እግራቸውን ይዛ አስነካቻቸው።

«እማሆይ፣ ይህች አምስት ናት። ስልክዎም ላይ እንዲሁ መሀል ላይ ነቁጥ አለችበት፣ በአውራ ጣትዎ ያገኟታል። እሷን ካገኙ ከበላይዋ ሁለት፣ ከሥሯ ስምንት፣ በግራና በቀኟ አራትና ስድስት ናቸው። ሌላውን ከእሷ ተነስተው ይሄዳሉ።»

«አንድ የማውቀው ቤት ካለኝማ ጎረቤቱ አይጠፋኝም» አሉ እማሆይ። ካልተሳሳትኩ ከሁሉም ቀድመው የለመዱት እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ አክስቴ ሴቶቹን አንድ በአንድ እያቆመች እያንዳንዳቸው ለራሳቸው አራት ቁጥር እንዲመርጡ አደረገች። አንዷ ቁጥሯን ስትረግጥ የቀሩት ፊታቸውን ያዞራሉ፣ አክስቴም ዓይኗን በነጠላዋ ትሸፍናለች። «ለኔ እንኳ አትንገሪኝ። ለባልሽም።»

«ለባሌማ ካልነገርኩ እንዴት ይሆናል?» አለች እናቴ።

«ባልሽ ወንድሜ ነው፤ አውቀዋለሁ። አትንገሪው።»

አባቴ አጥሩ ዳር ቆሞ ሰምቷል። «ለኔም?» አለ።

«ላንተም፣ ወንድምዓለም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነው ያለቀው። ምን እያሰበ እንደነበር ያኔ አላውቅም። በሰፈሩ ሚሊሻ እሱ ነበር፤ የሚያዘው ደግሞ ሙሉሃብት።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረሰ። የጥድ ውሃ ሴቶች ኮከብ ይቆጥራሉ ተብሎ ቄስ ምሥጋናው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። አውድማው ዳር ቆመው ሳጥኖቹን፣ ጠጠሯን፣ አመዱን ተራ በተራ አዩ።

«ልጆቼ፣ ኮከብ ቆጠራ ከሃይማኖታችን የወጣ ነገር ነው» አሉ።

እማሆይ ድምፃቸውን ተከትለው ዞሩ። «አባ፣ እኔ ኮከብ ካየሁ ስንት ዘመኔ። አሁን ልቆጥር የተነሳሁት ገንዘቤን ነው።»

ቄስ ምሥጋናው ግራ እንደገባቸው ሁላችንንም አሳልመው ሄዱ።

ጋሼ ሙሉሃብትም አንድ ቀን ሴቶቹ ሳይመጡ በአውድማው በኩል አለፈ። ብስኩት ሰጠኝና ሳጥኖቹን በጫማው ጫፍ እየነካ «ይኼ ምንድን ነው፣ የትናየት?» አለኝ።

«ሰኞ ማክሰኞ ነው» አልኩት።

«ማነው የሚጫወተው?»

«ሁሉም። እናቴም፣ እማሆይም።»

እስኪበቃው ሳቀ። «ሴቶቻችን ሥራ ፈቱ ማለት ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ። አክስቴ ይህን ብዙ ቆይቼ ስነግራት ጉልበቷን ይዛ ሳቀች።

ጥምቀት ሲደርስ ሴቶቹ በየፊናቸው ወደ ሙሉሃብት ቤት ሄዱ። ልጆቻችንን እንኳን አደረሳችሁ ልንል ነው፣ ስልካችንን ስጠን አሉት። ልጆቻቸው ወልድያም፣ ጅዳም ነበሩ። ለበዓል እምቢ ማለት አልተመቸውምና ሰጣቸው። ከታቦት መግቢያ ማግስት፣ ጠዋት፣ ወደ ሃሎ አፋፍ ወጣን። እኔ የእማሆይን ዱላ ጫፍ ይዤ ፊት ፊታቸው እሄዳለሁ። አዲስ ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ ኔትወርክን እንግዲህ በአካል ላገኘው ነው ብዬ።

አፋፉ ላይ ጉም ሰፍሮበታል። ሴቶቹ በአለቱ ዙሪያ ተቀመጡ። አክስቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትዞራለች። «የለም» ትላለች። ጠበቅን። ብርዱ ይቆነድዳል። እናቴ በጆሮዋ «እንመለስ ይሆን? ቢሰማስ?» አለቻት። አክስቴ ስልኳን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረች። ጉሙ መነሳት ሲጀምር «መጣ» አለች፣ ሁሉም ተነሳ። እኔም ተነስቼ ቀሚሴን አራገፍኩ። ማንም አልመጣም። ሴቶቹ ግን አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው ጣታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከንፈራቸው እንደ ጸሎት ይንቀሳቀሳል፦ ኮከብ... ወንፊት። አንዱ ስልክ ጢው ሲል አክስቴ ሮጣ ታነብላታለች። «ተቀይሯል። ያንቺ ሆነ።» ሴትየዋ ስልኳን ብብቷ ውስጥ ትከታለች። ቀጥሎ ሌላዋ። የእናቴ እንደተቀየረ ሲነገራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆየች። ያመማት መሰለኝ።

ሙሉሃብት የመጣው እማሆይ ብቻ ሲቀሩ ነበር። ከኋላው አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ ይከተለዋል። እኔ ደስ አለኝ። ጋሼ ሙሉሃብት ኔትወርክን ስለሚያውቀው ያስተዋውቀናል ብዬ ነበር።

«ይህ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?» አለ።

«ስብሰባ አይደለም። ስልክ ልንደውል ነው የወጣነው» አለችው አክስቴ።

«ምርጫ በደረሰበት ሰዓት ሴት ሰብስቦ ተራራ መውጣት ምን እንደሚያስብል ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አንተ ስልኮቻችንን በከረጢት ይዘህ ስትወጣ ምን ይባል እንደነበር ንገረኝና ያንኑ በለን።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ያን ፊት ከዚያ በፊት አላውቀውም። «ሰጠኝ፣ ስልኮቹን ሰብስብ» አለ አባቴን በስሙ ጠርቶ፣ ወደ እሱ ሳይዞር።

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። እህቱን አያት። «ጨርሳችኋል?» አላት።

«እማሆይ ይቀራሉ።»

አባቴ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። እሱ ግን በሴቶቹና በሙሉሃብት መካከል ካለው አለት ላይ ቁጭ አለና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ለሙሉሃብት ሰጥቶ «እንግዲያው ይጨርሱ» አለ።

እማሆይ አውራ ጣታቸውን ስልኩ ላይ አንሸራተቱ። ነቁጧን ሲያገኙ ፊታቸው ረጋ አለ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ። ጣታቸው አይቸኩልም፣ አይቆምም። ስልኩ ድንገት ጮኸ። አክስቴ አየችና «ቆረጠ» አለች።

«ከመጀመሪያው» አሉ እማሆይ ራሳቸው።

ሙሉሃብት አንዴ አባቴን፣ አንዴ እማሆይን ያያል። እኔ ብስኩት እንዳለው ለማየት ሄጄ እጄን ዘረጋሁለት። አላየኝም። እማሆይ ደግመው መቱ፣ ደግሞ ቆረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ከኮከብ ተነሱ። በወንፊት ዘጉ። ስልኩ ጢው አለ።

«ተቀይሯል፣ እማሆይ» አለች አክስቴ።

«አሁን ቁጥሬን ማን ያውቀዋል?»

«ከእርስዎ በቀር ማንም።»

«እግዚአብሔርስ?»

«እሱማ ያውቃል።»

«እሱ ይወቀው፤ ለኔትወርክ ብሎ አይቆርጥብኝም» አሉ እማሆይ። ዱላቸውን አነሱና ወደ እኔ ዘረጉልኝ፤ ይዣቸው ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን ከከተማ ሰዎች መጥተው አክስቴን ለጥያቄ ነው ብለው ወሰዷት። የአባቴንም ጠመንጃ ወሰዱ። ግድግዳው ላይ ጠመንጃው ይሰቀልበት የነበረው እንጨት ባዶውን ሲቀር ቤቱ የሰው ቤት መሰለኝ። ኔትወርክ ተቆጥቶ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሁላችንም ያለ ፈቃዱ ቤቱ ድረስ ሄደን ስለረበሽነው።

ሙሉሃብት በየቤቱ መዞር ጀመረ። እኛም ቤት መጣ፤ መደብ ላይ ተቀምጦ የቀረበለትን ጠላ ጠጣ። «እህታችንን ማስፈታት በእጃችሁ ነው» አላት ለእናቴ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አዲሱን ቁጥር ንገሪኝና ነገሩን አበርደዋለሁ።»

እናቴ ከሁሉም ሴቶች የባሰች ፈሪ እንደነበረች ራሷ ትናገራለች። ማሰሮውን ይዛ ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ረሳሁት» አለችው።

«በአንድ ሳምንት?»

«ራሴን ያመኛል። ረሳሁት።»

ጎረቤታችንም ረሳሁት አለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትም። እማሆይ አርጅቻለሁ፣ የማስታውሰው ውዳሴ ማርያም ብቻ ነው አሉት። ሰፈሩን በሙሉ ዞሮ አንዲት የምታስታውስ ሴት አጣ። እኔ ፈራሁ። የመርሳት በሽታ ገብቶ ነው፣ ነገ እናቴ ስሜንም ትረሳዋለች ብዬ ጠዋት ጠዋት ስነሳ «እኔ ማን ነኝ?» እላት ነበር። «የትናየት ነሻ» ትለኛለች፣ ግራ ገብቷት።

የክፍያ ጊዜ ሲደርስ ሴቶቹ ስልካቸውን ጡታቸው ሥር ደብቀው፣ እማሆይን በመሀል አድርገው፣ በእግራቸው ብልባላ ወረዱ። ጀውሀራ ሱቋን ለሌላ ደንበኛ ዘግታ እንደጠበቀቻቸው እናቴ አሁንም ታወራለች። ያን ዕለት ማምሻውን ጥድ ውሃ ውስጥ ለኔትወርክ የተቆረጠ ነገር አልነበረም።

አክስቴ የተፈታችው በዓቢይ ጾም መግቢያ ነው። በነፃ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ሙሉሃብትን በአደባባይ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እሱም ክሱን ያነሳል፣ የአባቴም ጠመንጃ ይመለሳል ብለው ተስማምተው ነበር። እሷን ማንም አላማከራትም። ከከተማ በእግሯ መጥታ ሰፈር ስትደርስ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዷት። ከስታለች፤ ጫማዋ ተበጥሶ በገመድ ታስሯል።

ከወይራው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ በነጫጭ ጋቢያቸው ተቀምጠዋል። ቄስ ምሥጋናው መሀል ላይ ናቸው። ሙሉሃብት በስተቀኝ፣ ጋቢውን አፉ ድረስ ተከናንቦ። ሴቶቹ ከኋላ ቆመዋል። በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሣሩ ላይ፣ ድንጋይ ተቀምጧል። በአገራችን ደንብ የበደለ ሰው ድንጋዩን በአንገቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ «ማሩኝ» ይላል፤ የተበደለውም ድንጋዩን ያወርድለታል። ይህንን እኔም አውቅ ነበር፤ የተጣሉ ወንድማማቾች ሲታረቁ አይቻለሁ። አክስቴ ቶሎ ተሸክማው ቤታችን ሄደን እንድንበላ ነበር የምመኘው።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንሺው» አሏት ቄስ ምሥጋናው። ድምፃቸው የክፋት አልነበረም።

«ማንን በድዬ ነው፣ አባ?»

«አዋርደሽዋል። የታላቅ ክብር አለ።»

«ታላቄ ወንድሜ ሰጠኝ ነው» አለች ወደ አባቴ እያየች። «እሱ አዋረድሽኝ ካለ እሸከማለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ጠመንጃ የሌለው ትከሻው አንድ ወገን ያዘነበለ ይመስል ነበር። ጠመንጃውን ምን ያህል ይወደው እንደነበር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። «አላዋረደችኝም» አለ።

ያ ቃል ምን እንዳስከፈለው ዛሬ አውቃለሁ። ጠመንጃው አልተመለሰለትም፤ ከሚሊሻነቱም ወጣ። ሙሉሃብት ደግሞ አልታሰረም፣ አልተቀጣም። ኮሚቴነቱን ያጣው ዘመኑ ሲቀየር ነው፣ ለዚያውም ብዙዎቹን ተከትሎ። በኋላ ላይ እሱም አፋፉ ላይ ወጥቶ ለልጁ ሲደውል አይቼዋለሁ፣ ሰላም ተባብለናል። ከረጢት ይዞ ብልባላ ሲወርድ ግን ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ያን ቀን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማየው አክስቴን ብቻ ነበር። ወደ ድንጋዩ ሄደች። ጎንበስ ስትል ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ፤ ሙሉሃብትም ሊያወርድላት ጋቢውን አስተካከለ። እሷ በእጇ የድንጋዩን አቧራ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ቁጭ አለችበት። የተበጠሰ ጫማዋን አወለቀች። «እሺ» አለች፣ «እንነጋገር። እኔም የምጠይቀው አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሙሉሃብትም ጋቢውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ያን ያህል መንገድ በእግሯ መጥታ ደክሟት የተቀመጠች ነበር የመሰለኝ። ሰዉ ለምን እንዲያ እንደደነገጠ አልገባኝም።

እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ከሴቶቹ መሀል ሆነው «ምን ሆነ? ተሸከመችው?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፣ እማሆይ» አለች እናቴ። ድምጿ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። «ተቀመጠችበት።»

እማሆይ ዱላቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ሣሩን እየደባበሱ፣ ሽማግሌዎቹን አልፈው ሄዱ። የዱላቸው ጫፍ ድንጋዩን ሲነካ ቆሙ።

«ለኔስ ቦታ አለው?» አሉ።

ድንጋዩ ሰፊ አልነበረም። አክስቴ ፈቀቅ አለችላቸው።